ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ናጅዋ መካኒኩን እንድሪስን ካነጋገረችው ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬም ባታነጋግረው ትመርጥ ነበር። ነገር ግን ከወልድያ የሚመጣው መንገድ ከንጋት ጀምሮ በሰው ተሞልቷል፤ ቆቦ ዳግም ተያዘች ይባላል፤ አውቶቡሶቹ መርሳ ላይ ሳይቆሙ ወደ ደሴ ያልፋሉ። ሌሎቹ ጋራዦች ከትናንት ጀምሮ ተዘግተዋል። በሩ ክፍት የነበረው የእንድሪስ ብቻ ነው።

ከአባቷ የቀረችውን አሮጌ ኮሮላ በዝግታ ነድታ ከጋራዡ ደጃፍ አቆመቻት። ሞተሩን አላጠፋችም። ድምፁ እንዲሰማ ፈለገች።

ቋ። ቋ። ቋ። እንደሚከፈትለት እርግጠኛ የሆነ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል።

ከኋላ እናቷ ቡርቱካን ተቀምጣለች። ጉልበቷ ካበጠ ወዲህ ከቤት እስከ ጓሮ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ሌላው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ የሚሄድበትን መንገድ እሷ ባዶ እጇንም አትሄደውም። መኪናዋ ደሴ ከደረሰች ቡርቱካን ትደርሳለች፤ መንገድ ላይ ከቀረች ቡርቱካንም ትቀራለች። ናጅዋን ወደዚህ በር ያመጣት ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ቢሆን አትመጣም ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። ሰላምታ የአላህ ነው፤ እሱን አትነፍገውም።

«ወአለይኩም ሰላም።» እንድሪስ የባጃጅ ጎማ እየለጠፈ ነበር። ቀና አለ፤ ማን እንደመጣች ሲያይ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከሚገባውም በላይ ጠረገው። «እናትሽ እንዴት ናት?»

«ይዣት መጥቻለሁ። የምጠይቅዎት ስለ መኪናዋ ነው። ደሴ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም?»

የባጃጁ ባለቤት ሚስባህ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጎማውን ይጠብቃል። ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ይቺ? የመርሳ ብቸኛዋ አውቶማቲክ! ግራ እግር ሥራ የሚፈታባት መኪና እኮ ናት። ጋሽ ጀብሪል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ግራ እግራቸውን አጣጥፈው ሲነዱ መደብ ላይ የተቀመጡ ነበር የሚመስሉት።»

«እውነቱን ነው» አለች ቡርቱካን በመስኮቱ። «አንዳንዴማ ጫማውንም ያወልቅ ነበር።»

ናጅዋ አልሳቀችም። እንድሪስ ኮፈኑን ከፍቶ ረጅሙን ካቻቪቴ ሲያነሳ ታየው ነበር። ጫፉን ከሞተሩ ብረት፣ እጀታውን ከጆሮው አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። አምናም ልክ እንዲህ ነበር የጨፈነው።

አምና በዚሁ በነሐሴ፣ ታጣቂዎቹ ወልድያ ሊገቡ ሲሉ፣ አባቷ ጀብሪል መድኃኒቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ለመውጣት ተነስቶ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ በየቀኑ የሚወጋው መርፌ ካለቀ እንደሚሞት ያውቃል፤ ደሴ ደግሞ መድኃኒት አለ። መኪናዋ በዚያው ሰሞን ማንኳኳት ጀምራ ስለነበር ሊያሳያት ከናጅዋ ጋር እዚህ አመጣት። እንድሪስ ካቻቪቴውን ከጆሮው ሳያነሳ «ቢየላ ነው» አለ። «ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ተላቋል። ውርጌሳ ሳትደርስ ሞተሩ ይነክስና ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ።»

ጀብሪል አልተከራከረም። እንድሪስ የሐብሩ ወረዳን አይሱዙ ሁሉ የሠራ ሰው ነው፤ ቢየላ ካለ ቢየላ ነው። መኪናዋን መልሶ ግቢ አስገባት፤ መድኃኒቱን ፈታ። ከተማዋ ተያዘች፤ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ መብራትም ባንክም መንገድም ጠፋ። ጀብሪል የሚወጋውን መጠን መጀመሪያ በግማሽ፣ ኋላም በግማሹ ግማሽ እየቀነሰ እስከ ኅዳር ቆየ። ከኅዳር አላለፈም።

መቃብሩን የቆፈረው የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ቅሬው ነው፤ እንድሪስ የቅሬው አባል ስለሆነ እሱም ቆፈረ፤ ቃሬዛውንም ተሸከመ። ከቀብር መልስ የእጅ ውሃ ያፈሰሰችለት ናጅዋ ነበረች። «አጀሉ ነው፣ ልጄ፤ የተቆረጠለት ቀን ነው» አላት። ውሃውን አፍስሳ አለፈች።

ከተማዋ ነጻ ከወጣች በኋላ ባትሪዋ እንዳይሞት ብላ መኪናዋን አልፎ አልፎ ታስነሳት ጀመር። አንድ ቀን ፍሬን እንደረገጠች ማርሽ አስገባች፤ ድምፁ ተቋረጠ። ማርሹን ስትመልሰው ተመለሰ። ደጋገመችው። ከምትሠራበት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለሥራ ወልድያ በሄደችበት ጊዜ አንድ የቆየ ሹፌር አግኝታ ጠየቀችው። «ቢየላ ጭነት ሲሰማው ይብስበታል እንጂ አይሻለውም» አላት። «ሌላ ነገር ነው። ቀላል ሊሆን ይችላል።»

ቀላል። ይህን ቃል ይዛ ወደ መርሳ ተመለሰች። መኪናዋን ግን አላሠራቻትም። ድምፁ ማስረጃዋ ነበር፤ አንድ ቀን እንድሪስ ፊት አቁማ ታሰማዋለች። እናቷ «አሠሪያት» ባለቻት ቁጥር «ቆይ» አለቻት። ቆይ ስትል ከረመች፤ ጦርነቱ ዞሮ መጣ።

«ይሄ እንግዲህ...» እንድሪስ ዓይኑን ገለጠ። «ቢየ...»

«ደግመው እንዳይሉት!»

ሚስባህ ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። እንድሪስ ካቻቪቴውን ከጆሮው አወረደ።

«ይግቡና ፍሬን ይርገጡ። ማርሽ ያስገቡና ያዳምጡ» አለች ናጅዋ። «አምና ያላደረጉትን ነው የምለምንዎት።»

«ማርሽ አስገብቼ ምን ልሰማ?»

«ሲሰሙት ይነግሩኛል።»

ገባ። መሪው ሥር ሲቀመጥ ግራ እግሩ ከልማድ የተነሳ የሚረግጠውን ፈልጎ ተዘረጋ፤ ባዶውን ወለል ረገጠ። ይህንን ናጅዋም አየች፣ እሱም እንዳየችው አየ። በቀኙ ፍሬኑን ያዘ። ማርሹን ሳበው።

ድምፁ ቆመ። የመንገዱ ጫጫታ፣ የአህዮቹ ኮቴ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ እንደ አዲስ ተሰማ። ማርሹን መለሰው። ቋ፣ ቋ። አስገባው። ዝም። እንድሪስ ከመኪናዋ ሲወርድ ፊቱ ከጭቃ የተሠራ ይመስል ነበር።

ማንንም ሳያይ ወደ ሞተሩ ዞረ። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ እያንዳንዱን ነቅሎ አዳመጠ፣ መልሶ ሰካ። ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ማንኳኳቱ ግን ያው ነው።

«ቢየላ ቢሆን የራሱ ገመድ ሲነቀል ይቀንስ ነበር» አለ፣ ለሞተሩ እንደሚናገር ሁሉ። «ቢየላ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ከሥር ልየው።»

እናቷን ደግፈው አወረዷትና ከጎማ ክምር ላይ አስቀመጧት። ሚስባህ ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን አነሳ፤ ድንጋይ ደገፈበት። ሞተሩ ጠፍቷል። እንድሪስ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ከታጣቂዎቹ ዘረፋ ተርፈው የቀሩት ቁልፎቹ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ያቀበለችው ናጅዋ ነበረች። አነስተኛ የቆርቆሮ መከለያ ፈትቶ አወጣ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ እንድታዞርለት ከፊት በኩል ትልቁን ቁልፍ እንድታስገባ ነገራት።

«አዙሪ። ቀስ። ቁሚ።»

ጣቱ ብረት ሲነካካ ተሰማ።

«አዙሪ። ቁሚ።»

ለሦስተኛ ጊዜ «አዙሪ» ሲል ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ምን አገኙ?»

«ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዝ ሳህን አለ። ሳህኑን የሚይዙት ቡሎኖች ላልተዋል። በጣቴ ይዞራሉ። አንዱ ጭራሽ ወድቋል።» ትንፋሹ ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። «ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ሲዞር ሳህኑ ይወዛወዝና ያንኳኳል። ማርሽ ሲገባ ጭነቱ አንድ ወገን ይይዘዋል፤ ዝም ይላል።»

«ምን ያስፈልገዋል?»

«ማጥበቅ።»

«ማጥበቅና ምን?»

«ማጥበቅ ብቻ።»

ናጅዋ ትልቁን ቁልፍ ከሞተሩ ነቅላ መሬት ላይ ጣለችው። ብረቱ ከድንጋይ ላይ ነጥሮ ከእንድሪስ እግር አጠገብ አረፈ። እግሩን አልሰበሰበም።

«አባቴ የሞተው ቡሎን የሚያጠብቅለት አጥቶ ነው ይበሉኛ!»

«አስተግፊሩላህ። አጀል...»

«አጀል የአላህ ነው፤ አልከራከርም። ቢየላ ያሉት ግን አንቱ ነዎት።»

«ናጅዋ፣ እህቴ» አለ ሚስባህ። «ጋሽ ጀብሪልን የገደላቸው እኮ ጦርነቱ ነው። ይሄ ሽማግሌ ምን ያድርግ?»

«ጦርነቱን የት አግኝቼ ልጠይቀው? በየት በኩል ነው በሩ? እሳቸውን ግን አገኘኋቸው። በአባቴ ቃሬዛ ሥር አገኘኋቸው፣ በቤታችን መደብ ላይ አገኘኋቸው። በደረሱበት ሁሉ አጀል ሲሉ አገኘኋቸው። ይሄ ሁሉ ሰው ከአምና ጀምሮ ጦርነቱ ነው፣ ጦርነቱ ነው ይላል። የእጁን ሥራ የሚናገር አንድ ሰው አጣን!»

እንድሪስ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጥቁር ዘይት ከክርኑ ይንጠባጠባል።

«እኔ የማውቀው ባለ ፍሪሲዮኑን ነው» አለ። «ፍሪሲዮኑን ረግጬ አዳምጣለሁ። ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ ከካምቢዮ በኩል ነው፤ ካልተለወጠ ከሞተሩ ነው። ይህን ካስተማረኝ ሰው የወሰድኩት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሠራሁበት። አባትሽ ሲመጣ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የምረግጠው አጣሁ። ስለዚህ ያንን ዘለልኩት።»

«ዘለሉት።»

«በሩ ላይ ያ ሁሉ መኪና ተሰልፏል። ሁሉም እኔን ያያል። አባትሽም ያየኛል። አውቶማቲክ አላውቅም ማለት...» እጁን አየ። «አልወጣልኝም። ቢየላ ነው ስል ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

«አላውቅም ቢሉት ኖሮ» አለች ናጅዋ፣ አሁን ቀስ ብላ፣ «እያንኳኳችም ቢሆን ይሞክራት ነበር። ወይ ሌላ ሰው ያሳያት ነበር። ድፍረት የነበረው ሰው ነው። መንገዱን የዘጉበት ታጣቂዎቹ አይደሉም፤ እነሱማ ከዚያ በኋላ ነው የመጡት። ባለማወቅዎ አይደለም የምቆጣው። አለማወቅዎን በአባቴ ነፍስ ሸፈኑት።»

«ናጅዋ!» እናቷ ከጎማው ክምር ላይ ምርኩዟን መታች። «ክሱን ደሴ አድርጊው! ደግሞስ ቀላል ነው ካሉሽ ስንት ጊዜሽ? አሠሪያት ስልሽ ቆይ፣ አሠሪያት ስልሽ ቆይ። እሱ በኩራቱ፣ አንቺ በቂምሽ። እኔ በሁለታችሁ መሐል ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ።»

ሚስባህ ሊስቅ አፉን ከፈተና ዘጋው። ናጅዋ ፊቷ ጋለ። የእናቷ ቃል እውነት ነበር፤ ይህም ራሱ ቁጣዋን ጨመረው እንጂ አላበረደውም። ትልቁን ቁልፍ ከመሬት አንስታ ወደ ሞተሩ መለሰችው።

«ያጥብቁት።»

ገባ። «አዙሪ» ሲል አዞረች፤ «ቁሚ» ሲል ቆመች። ለወደቀው ቡሎን ምትክ ከቆርቆሮው ውስጥ አገኘ። መከለያውን መልሶ ወጣ፤ መኪናዋን አወረዷት። ናጅዋ አስነሳቻት።

ሞተሩ ዝም ብሎ ዞረ። የሚያንኳኳ የለም። ይህን ዝምታ አባቷ ሊሰማው ይገባ ነበር፤ ዝምታው ከድምፁ ይልቅ አንገበገባት።

«ደሴ ትደርሳለች» አለ እንድሪስ።

«ልጅዎ ሳሚራ የት ናት?»

ጥያቄው አስደነገጠው። «ቤት ናት። አራስ ናት።»

«በምን ሊያወጧት ነው?»

«እንጃ። አውቶቡስ ከቆመ... ካልሆነም በእግር።»

«ከእናቴ ጎን ቦታ አለ። ከነሕፃኗ ያምጧት። ባለቤትዎንም ይጨምሩ። አንቱም ከፊት ይቀመጡ።»

የእንድሪስ ዓይን እንባ አቀረረ። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ። አላህ...»

«አይመርቁኝ! ትደርሳለች ብለዋል። እንግዲያው በቃልዎ ላይ የራስዎን ልጅ ያስቀምጡ።»

የመረቀበት እጁ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። መኪናዋን ተመለከታት። በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ተመለከተ፤ ከዚያ ደግሞ መኪናዋን። ክሪኩን ከሚስባህ እጅ ወሰደ፣ ራሱ አነሳት፣ ድንጋዩን ደገፈ፤ ቁልፉን ይዞ ተመልሶ ከሥር ገባ።

ናጅዋ ሞተሩን አጥፍታ ነበር፤ ትልቁን ቁልፍ ይዛ ከፊት ቆመች። እግሮቹ ብቻ ይታዩዋታል፤ ተረከዙ አፈሩን እየገፋ። አምና አንድ ጊዜ ካቻቪቴ ከጆሮው አስጠግቶ ነበር፤ ከዚያ «ቀጣይ» ብሎ ነበር።

«አዙሪ» አለ ከሥር።

አዞረች። ቡሎን በቡሎን ሄደ። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆየ።

«ይሄ አልያዘም» አለ። «ጥርሱ አልቋል። ጠብቆ ነበር የመሰለኝ። ዳገት ላይ ይለቅ ነበር።»

ወጥቶ ከግቢው ጥግ ወደተጣለ አሮጌ ሞተር ሄደ። ቡሎን ፈታ፣ ጥርሱን በጥፍሩ መረመረ፣ ጣለው፤ ሌላ ፈታ። ሦስተኛውን ወደደው። ሲመለስ በናጅዋ አጠገብ ማለፍ ነበረበት።

«ለአባቴ አንድ ጊዜ አዳመጡ» አለችው። «ለሳሚራ ሁለት ጊዜ ገቡ።»

ቡሎኑን ይዞ ገብቶ አሰረው።

ሳሚራ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ከእናቷ ጋር መጣች። ምን እንደተባለ አታውቅም፤ ናጅዋን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ናጅዋም ሳመቻት፤ ልጅቷ ምን አደረገች። ሦስቱ ሴቶች ከኋላ ገቡ። ቡርቱካን ሕፃኗን ወዲያው ተቀበለች።

«እኔስ?» አለ ሚስባህ።

«ባጃጅህ ጎማው ተለጥፏል» አለች ቡርቱካን።

«እትዬ ቡርቱካን፣ ከውርጌሳ ወዲያ ያለውን ዳገት በባጃጅ?»

«ከኋላችን ሁን። ብታቆም እንድሪስ ይገፋሃል። ዛሬ የሚከፍለው ብዙ አለበት።»

ወጡ። መንገዱ ላይ ፍየል፣ ፍራሽ፣ ቆርቆሮ የጫነ አህያ፣ ሰው እስከ ጣራው የተሳፈረበት አይሱዙ። ከግራና ከተማ የሚመጣው ሰው ሲጨመር መንገዱ ጠበበ። የማንጎዎቹ ቅጠል አቧራ ለብሷል። ናጅዋ ስትቆም ፍሬን ትረግጣለች፤ ስትለቅ መኪናዋ ራሷ ትሄዳለች። እንድሪስ ከጎኗ ሆኖ አንገቱን ወደ ሞተሩ ሰብሮ ያዳምጣል። ግራ እግሩ በየማቆሚያው ወለሉን ይጫናል፤ ሊያስቆመው አልቻለም።

ውርጌሳን አለፉ። ዳገቱ ጀመረ። ሞተሩ ከበደው፣ ካምቢዮው ራሱን ቀየረ፣ መኪናዋ እያጉረመረመች ወጣች። ከጉርምርምታው ሌላ ምንም አልነበረም። ከኋላ ሕፃኗ ተኝታለች።

«ደኅና ናት» አለ እንድሪስ።

«አልጠየቅሁዎትም።»

ትንሽ ሄዱ። መታጠፊያው ላይ ከሥራቸው ያለው ሜዳ ታየ፤ መንገዱ በሰው ጥቁር ሆኖ እስከ መርሳ ይዘልቃል። እንድሪስ ያንን እያየ ተናገረ።

«አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አባትሽን የያዘው የእኔ ቃል ነው።» ሚስቱና ልጁ ከኋላ ይሰማሉ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «አውፍ በይኝ፣ ናጅዋ።»

በመስታወቱ ሳሚራ ቀና ስትል፣ እናቷም ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ ናጅዋ አየች።

«በይው እንጂ» አለች ቡርቱካን። «ሰው በአደባባይ ሲለምን ዝም አይባልም። ሙስሊም አይደለሽም?»

ናጅዋ የጠየቀችውን አግኝታለች፤ ሰውየው የእጁን ሥራ ተናግሯል። ውስጧን ፈተሸች፤ ቁጣው እንዳለ ነበር፤ ቁመቱም አልቀነሰም። ይህ እሷንም ገረማት።

«አላህ አውፍ ይበልዎ» አለች። «እኔ ገና አላልኩም።»

ከፊታቸው የተጫነው አይሱዙ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጡሩንባ ነፋች፤ ነዳጁን ረግጣ አለፈችው።